ከሰዓት የሚደርስ መልስ

ባለቤቴ ድሮ ጥያቄ አታስጨርስም ነበር። «ዛሬ ምሳ ምን...» ስል «ሽሮ ነው፣ ካልጣመህ ሆቴል ሂድ» ትለኛለች። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ወደ ደሴ በሚያልፈው መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። የጭነት መኪና ሾፌሮች መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው «ስንት...» ሲሉ ዋጋውንም ምራቂውንም ስድቡንም አንድ ላይ ትሰጣቸዋለች፤ እነሱም እየሳቁ ይገዟታል። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ሳልጨርስ የሚመልስልኝ ሰው አልወድም። ሃያ ዓመት ሙሉ «አንቺ ሴትዮ፣ እስኪ ልጨርስበት!» እያልኩ ኖርኩ።

አሁን ጠዋት የጠየቅኳትን ከሰዓት ነው የምትመልስልኝ። አንዳንዱን ጭራሽ አትመልሰውም። እንዴት እዚህ እንደደረስን ከሥሩ ልናገር፤ ያደረስኳት እኔ ነኝና።

ሥራዬ ዳይናሞ መጠቅለል ነው። የአገራችን ገበሬ ሽንኩርቱን በመስኖ ያለማል፤ የውሃ መሳቢያው ሞተር ሲቃጠልበት ተሸክሞ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም የተቃጠለውን የመዳብ ሽቦ ከውስጡ መዝዤ አውጥቼ በአዲስ ሽቦ እጠቀልልለታለሁ። በዚህ ሥራ ስም አለኝ፤ አላውቅም ማለት አልወድም።

እኛ ቆለኞች ነን። ሮቢት ላይ በር የሚዘጋው ለሌባ እንጂ ለብርድ አይደለም። ሙቀቱ ሲብስ አልጋችንን በረንዳ ላይ አውጥተን፣ አጎበር ሰቅለን ነው የምንተኛው። ከሰልም የምናቀጣጥለው ደጅ ነው፤ በዚያ ሐሩር ማን አብዶ እሳት ይዞ ቤት ይገባል! ስለዚህ እስከዚያች ቀን ድረስ ማንደጃ አስገብቼ በር ዘግቼ አላውቅም። ደጋ ላይ ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር እኔ ሽማግሌው አላውቀውም ነበር።

የባለቤቴ ታላቅ እህት ደብረ ሲና ነው የሚኖሩት፤ እትዬ ነው የምላቸው። አምና ኅዳር ላይ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሡ ጠሩን። መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ዳገቱን መውጣት ነው፤ ግን ሮቢት ላይ ላብህን እየጠረግህ ተሳፍረህ ደብረ ሲና ላይ እየተንቀጠቀጥህ ትወርዳለህ። ባለቤቴ በስስ ነጠላ ነበር የተነሣችው። «ጋቢ ደርቢ» ብላት «ለድግስ ነው የምሄደው ወይስ ለዘበኝነት?» አለችኝ።

ድግሱ ሞቅ ያለ ነበር። ደገኞቹ «ወባዎቹ መጡ!» እያሉ ቀለዱብን፤ እኛም «ቁንጫዎቹ እንደምን ከረማችሁ?» አልናቸው። ጠላው ልክ አልነበረውም። ሲመሽ እትዬ አንዲት ትንሽ ክፍል አነጠፉልን፣ ማንደጃ አምጥተውም እግራችንን አሞቁን። ልንተኛ ስንል ግን ራሳቸው አንሥተው በረንዳው ላይ አወጡት። «ከሰሉን እንዳታስገቡት፣ ያፍናል» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ገና ጋደም ከማለታችን የባለቤቴ ጥርስ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ብርድ ልብሱን ሁሉ ወደ እሷ አደረግኩት፣ ጋቢዬንም ደረብኩላት፤ ወይ ፍንክች። «እግሬ የኔ አይደለም» አለችኝ። እግሯን በእጄ ይዤ አሸሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ቆይታ ዝም አለች፣ እንቅልፍ የወሰዳት መሰለኝ። ወጥቼ ማንደጃውን አየሁት። ፍሙ ቀልቷል፣ ጭስ የሚባል ነገር የለውም። እትዬ ያፍናል ያሉት ጭሱን ነው ብዬ አሰብኩ፤ ጭስ ከሌለ ምን ያፍናል? አስገብቼ ከራስጌዋ አጠገብ አስቀመጥኩት። በበሩ ሥር ብርድ ሲገባ ጊዜ ደግሞ ኮቴን ጠቅልዬ ወተፍኩበት። አቤት፣ ያን ጊዜ በራሴ እንዴት እንደኮራሁ!

ሌሊት ጠላው ሁለት ጊዜ ለሽንት አስወጣኝ። እኔን ያተረፈኝ ይኸው ነው፤ ወጣ ባልኩ ቁጥር ንጹሕ አየር ተንፍሻለሁ። በሩ ሲከፈት የገባው አየር ደግሞ እሷን ከሞት እንዳተረፋት ኋላ ተነግሮኛል። በተመለስኩ ቁጥር ግን ኮቴን በጥንቃቄ መልሼ ወትፌዋለሁ።

ሲነጋ ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ፣ ሽቅብ ሽቅብ እያለኝ ነቃሁ። ባለቤቴን ጠራኋት። ነቀነቅኳት። እጇን አንሥቼ ብለቀው ዝም ብሎ ወደቀ። ጮኸ ትሉ ይሆናል፤ አልጮኽኩም። መጀመሪያ ኮቴን ከበሩ ሥር አነሣሁ። ከዚያ ማንደጃውን ይዤ ወጥቼ፣ እትዬ ያስቀመጡበት ቦታ ላይ መልሼ አኖርኩት፤ መሬቱ ላይ የፈሰሰውን አመድ እንኳ በእግሬ ጠረግኩት። «ኧረ ድረሱልኝ!» ያልኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለምን? እፍረት ነው። እንዳታስገቡት ተብዬ፣ እሺ ብዬ፣ በሰው ቤት፣ በድግስ ማግስት!

ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናት። እዚያ ያለው ባለሙያ ገና እንዳያት «የተኛችበት ቤት ከሰል ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ቀድመውኝ «ኧረ የለም፣ እኔው ራሴ ነኝ ያወጣሁት» አሉ። ባለሙያው ወደ እኔ ዞረና እኔንም ጠየቀኝ። «አልነበረም» አልኩት።

ረፋዱ ላይ ዓይኗን ገለጠች። አስመለሳት፣ ራሷን ይዛ አቃሰተች። ወደ እኩለ ቀን ግን በዙሪያዋ የቆምነውን ዞር ዞር ብላ አየችና «ምን ትከቡኛላችሁ፣ የሞተ ሰው አለ?» አለች። እትዬ እልል አሉ። በማግሥቱ እየቀለደች ሮቢት ገባች። በቃ፣ የበላችው ነገር ይሆናል ተባለ።

ሦስት ሳምንት ያህል ደህና ነበረች። ሸጠች፣ ተሳደበች፣ ሳቀች። እኔም እሰይ፣ ሳይታወቅ ታለፈ ብዬ ተነፈስኩ። በሰፈሩ ግን የእትዬ ድግስ ሰው ሊገድል ነበር የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ ወጡ ነው የሚል አለ፣ እጃቸው ነው የሚል አለ። ወሬው ዳገቱን ወጥቶ ጆሯቸው ደረሰ። ደውለው «እኔ የናቴን ልጅ ላበላሽ?» እያሉ አለቀሱብኝ። «የሰው ወሬ ነው እትዬ፣ ይተዉት» አልኳቸው። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ወደ ሞተሬ ተመለስኩ።

አንድ ቀን ከሱቄ ብቅ ስል፣ ሽንኩርት በሁለት እጇ ይዛ መንገዱ ዳር ቆማለች። ሾፌሩ «ስጪኝ እንጂ!» ይላል፣ እሷ ታየዋለች። ጥሩምባውን እየነፋ ሄደ፤ ሽንኩርቱ እጇ ላይ ቀረ። በዚያ ሳምንት አረማመዷ ተለወጠ፤ ጎርፍ የሚሻገር ሰው ይመስል እግሯን ሳታነሣ ትጎትተው ጀመር። ወጡን ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረችበት። ቀጥሎ እሳቱን ረሳችው። ቀጥሎ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሽንቷ ያመልጣት ጀመር። እኔ ቁጡው «ምን ሆነሻል አንቺ!» ብዬ ጮኽኩባት። እንባዋ ወረደ እንጂ አልመለሰችልኝም። የማልረሳው ያንን ነው።

ጠበል ወሰድናት። ሙስሊሟ ጎረቤታችን «አላህ ያሽራት» እያለች ጠዋት ጠዋት መጥታ ታጥባታለች። ኋላ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዳት ተባልኩ። አዲስ አበባ ስንሄድ እትዬ ደብረ ሲና ላይ ተሳፈሩ። ያ ሁሉ ወሬ ወርዶባቸው፣ «የእህቴን ገላ ወንድ ብቻውን አያነሣውም» ብለው መጡ። የጣርማ በርን ዋሻ ስናልፍ እሳቸው ትከሻ ላይ ተኝታ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የባለቤቴን ጭንቅላት ፎቶ መስኮቱ ላይ ለጥፋ አሳየችን። «የሚያስበው የአንጎል ክፍል ዳር ዳሩ ነው፣ ጋሼ። ይኼ መሐል ያለው ነጩ ክፍል ይባላል፤ መልእክት የሚያመላልሱ ክሮች ናቸው። ነጭ ያደረጋቸው በላያቸው የለበሱት ስብ ነው» አለችኝ። ሁለት ቦታ ላይ ደምቆ የሚያበራ ነገር አይቼ፣ ደስ ብሎኝ፣ «ደህናው ይኼ ነው?» አልኳት። «የተጎዳው ነው» አለችኝ። «ልብሱ ተልጧል።»

ይህን ለእኔ ማስረዳት ምን ያስፈልጋል! የመዳብ ሽቦ ቫርኒሹ ከተላጠ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይዞርም፤ ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ የዳሰስኩት ነገር ነው። «በአዲስ መጠቅለልስ አይቻልም?» ብዬ ጠየቅኳት። አልሳቀችብኝም። «አይቻልም። ራሱ ቀስ እያለ ይለብስ እንደሆነ እንጠብቃለን» አለች።

ከዚያ መንስኤውን ፍለጋ ጀመረች። ብዙ ዓመት ያልታከመ የደም ግፊት ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች እያደፈነ ነጩን ክፍል ይጎዳዋል አለች፤ ግፊት የለባትም። ስኳር የለባትም። የቫይታሚን እጥረት ይሆናል ብላ ደሟን አስመርምራለች፤ ደህና ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ክር የሚበላበት በሽታ አለ፤ እሱም አይመስልም። አንዱን እየጠራች አንዱን ስትጥል እኔ ወንበሩ ላይ ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ «ከሳምንታት በፊት ራሷን ስታ ነበር? በከሰል ታፍና?» አለችኝ። እትዬ አሁንም «ኧረ የለም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

«ነበር» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

ሁሉንም ተናገርኩ፤ ኮቱንም፣ አመዱንም። ሐኪሟ ጻፈች። ከሰል ሲቀላና ጭሱ ሲጠፋ ነው የሚያታልለው አለች፤ የማይታይ፣ የማይሸት ጋዝ አለው፣ በደም ውስጥ የአየሩን ቦታ ይይዛል። ሰው ድኖ ይነሣል፣ ሥራ ይገባል፤ ከሳምንታት በኋላ ነጩ ክፍል መላጥ ሊጀምር ይችላል። «ያን ቀን ብናገርስ ኖሮ?» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ኦክስጅን ይሰጧት ነበር፣ ይከታተሏት ነበር። ይህ ይቀር ነበር ወይ ካሉኝ ግን፣ አላውቅም ጋሼ።» ባትቆጣኝ ጊዜ ባሰብኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ የባለቤቴን አፍ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። «በምግቤ ሲያሙኝ፣ ይተዉት ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አሉኝ። «አዎ እትዬ» አልኩ። ደብረ ሲና ላይ ሲወርዱ ዞር ብለው «መድኃኒቷን በሰዓቱ ስጣት» አሉኝ። እኔ ሮቢት ገብቼ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞርኩ ነገርኩ። ለእሳቸው ያን ያህል ካሳ አይሆንም፤ ግን ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። ግድግዳ እየያዘች ትራመዳለች፣ ማንኪያ ትይዛለች፣ ሽንቷንም ትቆጣጠራለች። ቃሏ ግን ሩቅ ነው። «ሻይ ላምጣልሽ?» እላታለሁ። ሞተር ጠቅልዬ ጨርሼ፣ ምሳ አብልቻት፣ ረስቼው ሳለሁ «አዎ» ትለኛለች። መጀመሪያ ጥያቄውን እደጋግምባት ነበር፤ አሁን አንዴ ጠይቄ እጠብቃለሁ። እኔ! ወረፋ መጠበቅ የማልችለው ሰውዬ ከአንዲት ሴት አፍ አንድ ቃል ሰባት ሰዓት ሙሉ እጠብቃለሁ።

ለሰፈሩ ሁሉ የነገርኩትን ለእሷ አልነገርኳትም ነበር። ባለፈው እሑድ በረንዳው ላይ ፊቷን አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። «ያን ሌሊት ማንደጃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ዋሸሁ። በእኔ ነው እንዲህ የሆንሽው። ይቅር በይኝ።» መንገዱን ታያለች። አንድ የሽንኩርት መኪና አለፈ። ምሳ ደረሰ፣ አበላኋት። ፀሐዩ በረንዳውን ለቀቀ። አልደረሳትም፣ አልኩ በልቤ፣ መንገድ ላይ ቀርቷል። ቲማቲም ልከትፍ ተነሣሁ።

«አይቼሃለሁ» አለች።

ቢላዬን ይዤ ቆምኩ። «ምኑን?» እንዳልላት ፈራሁ፤ ጠበቅኩ። ከረጅም ጊዜ በኋላ «ስታስገባው» አለች፤ ቆይታም «አልተኛሁም ነበር» አለችኝ።

አጠገቧ ቁጭ አልኩና እጇን ያዝኩ። ድሮ የምቆጣው ቁጣ መጣብኝ፣ እያለቀስኩ ጮኽኩባት። «ታዲያ አንቺ ሴትዮ፣ ለምን አውጣው አላ...»

«ሞቆኝ ነበር» አለችኝ፣ ሳልጨርስ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንደገና አቋርጣኝ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ጥያቄ እጀምርና መሐል ላይ አቆምላታለሁ።