ኮፒ አድርጌ እመልስልዎታለሁ

ባለፈው ሳምንት የራሴ ኮምፒዩተር እየተንቀራፈፈ አስቸገረኝና ሲስተሙን እንደ አዲስ ልጭነው ተነሣሁ። ገና ስጀምር ማሽኑ ራሱ በትሕትና ጠየቀኝ፤ የግል ፋይሎችህ ይቆዩ ወይስ ሁሉም ይጥፋ ይላል። “ይቆዩ” የሚለውን ነካሁ። ከዚያ ተመልሼ አረጋገጥኩ። አሁንም አላመንኩትምና ሥራውን አቋርጬ ሁሉንም በሌላ ዲስክ ገለበጥኩ፤ ዲስኩንም ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታ ማን ሊወስድብህ ነው ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ቁልፉን ከኪሴ አላወጣሁም። ይህ አመል ከየት እንደተጋባብኝ አውቃለሁ። ከመምህር ደምሴ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ላሊበላ ላይ፣ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ወረቀት አባዛለሁ፣ የታመመ ኮምፒዩተር አክማለሁ። ሕክምናውን ያስተማረኝ የለም፤ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት፤ ይህን ግን ለደንበኛ አልናገርም ነበር። ወሩ ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም የገባ ሰሞን ነው። ዝናቡ ከአሸተን ተራራ ላይ ይነሣና መጥቶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ከሰው አይሰማማም። የሚገባው ሁሉ መጀመሪያ ጫማውን በደጃፉ ድንጋይ ላይ ይፍቃል፤ እኔም በአፋፋቁ ማን እንደመጣ መገመት ለምጄ ነበር። የመምህር ደምሴ ግን ዝግ ያለ፣ ጭቃውን እስከ መጨረሻው የሚያነሣ አፋፋቅ ስለሆነ ግምት አያስፈልገውም።

መምህር ደምሴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ እኔንም አራተኛ ክፍል አስተምረውኛል። ፈተና ሲፈትኑን ከክፍል የወጡ መስለው ይሄዱና በጓሮ ዞረው በመስኮቱ ስንጥቅ ያዩን ነበር። ማንንም አያምኑም። የዚያን ቀን አንድ ላፕቶፕ በጋቢያቸው ውስጥ ታቅፈው፣ በላዩ ፌስታል ደርበው ገቡ። አዲስ አበባ ያለ የወንድማቸው ልጅ የሰጣቸው ነው። ማሽኑ ይከፈትና ጥቂት ይሠራል፤ ከዚያ እያቃሰተ ራሱን ያጠፋል። ቫይረስ በልቶታል። ሲስተሙ ጠፍቶ በአዲስ መጫን እንዳለበት ነገርኳቸው። “መጥፋት” የሚለውን ቃል ሲሰሙ ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ላረጋጋቸው ብዬ፣

“አይስጉ መምህር፤ የእርስዎን ፋይል ኮፒ አድርጌ እመልስልዎታለሁ” አልኩ።

ፊታቸው ጥቁር አለ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

“ወዴት ነው ኮፒ የምታደርገው?” አሉ።

“ወደ ዲ።”

“ዲ የማን ነው?”

“የእርስዎ ነው፤ እዚሁ ላፕቶፕ ውስጥ ነው።”

“እዚሁ ውስጥ ከሆነ ምን መውሰድ አስፈለገ?”

ኮምፒዩተሩን ሁለት ክፍል እንዳለው ቤት አድርገው እንዲያስቡት ለመንኳቸው። ሲ አንዱ ክፍል ነው፣ ዲ ሌላው። ሲን ልናፈርሰው ስለሆነ ዕቃውን ወደ ዲ እናሻግራለን፤ ሲታደስ እንመልሰዋለን። እርሳቸው ግን ዕቃው ሲሻገር በዓይኔ አያለሁ ብለው በርጩማውን አስጠግተው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ከጉልበቴ ጋር ይነካካ ነበር። ምን ምን እንዳላቸው ስጠይቅ ጥቂት ተራ ደብዳቤ ብቻ ነው አሉኝ። ለተራ ደብዳቤ እንዲህ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። ያኔ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ።

ደብዳቤዎቹን አሻገርኩ። እውነትም ተራ ነበሩ። የቀረ እንዳይኖር ብዬ ሲን ስበረብር ግን ከሲስተሙ ፎልደሮች መሐል፣ ማንም በማይገባበት ሥፍራ፣ በሰው ስም የተሰየመ አንድ ትልቅ ፎልደር አገኘሁ። ስሙ “ወልደ” ብሎ ይጀምራል። የቀረውን ዛሬም አልጽፈውም። በዚያ ሰሞን ከአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የብራና መጽሐፍ ጠፋ እየተባለ ይወራ ነበር፤ የጠፋውን ፎቶ እያነሡ ለገዢ የሚያሳዩ አሉ ይባላል። ላፕቶፑም ከማን እጅ እንደመጣ በእርሳቸው ቃል ብቻ ነው የማውቀው።

በዚህ መሐል ጎረቤታቸው አቶ ሲሳይ የፍርድ ቤት ወረቀት ሊያባዙ ገብተው ዝናቡ ይዟቸው በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ሁለቱ በእርሻ ድንበር ተካሰው ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰላምታ እንኳ የተለዋወጡት ግድግዳውን እያዩ ነው። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ የቆርቆሮውን ጩኸት ለማሸነፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ስሙን እስከ መጨረሻው ጠርቼ፣

“ይህ ማነው መምህር?” አልኩ።

አቶ ሲሳይ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። መምህር ደምሴ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ነቀሉ።

“አላውቀውም” አሉ።

“እንግዲያው ላጥፋው?”

አንድ ጊዜ አቶ ሲሳይን፣ አንድ ጊዜ መሬቱን አዩ።

“አጥፋው።”

ብለው ተነሡ። ቀኑን ሙሉ ከጎኔ ያልተንቀሳቀሱት ሰውዬ ወጥተው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆሙ። ትንሽ ቆይተው በቀስታ እስቲ ና ወዲህ አሉኝ። ነገሩ ገባኝ ብዬ ነበር፤ ዝም በል ሊሉኝ ነው፣ ሊያባብሉኝ ነው። ሥራ ይዣለሁ አልኳቸው። ዳግመኛ ጠሩኝ። አልሄድኩም። ጀርባቸውን ሲሰጡኝ የራሴን ፍላሽ ሰካሁና ፎልደሩን በሞላ ገለበጥኩት፤ ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ። አልከፈትኩትም፤ ጊዜ አልነበረኝም። ፍላሹን ኪሴ ከትቼ ሲን አጠፋሁት።

አዲሱ ሲስተም ተጭኖ ሲያልቅ ዝናቡም አባራ፤ አቶ ሲሳይ ወረቀታቸውን በጃኬታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ። መምህር ደምሴ ወዲያው ገቡ።

“አጠፋኸው?”

“አዎ።”

በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ያን የመሰለ አቀማመጥ ከለቅሶ ቤት ሌላ አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ የነገሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ስሙ የራሳቸው የክርስትና ስም ነው። በእኛ አገር የክርስትና ስም ከቤተ ክርስቲያንና ከንስሐ አባት ዘንድ አይወጣም፤ ክፉ ያሰበ ሰው ካገኘው መተት ያሠራበታል ተብሎ ይፈራል። እርሳቸውም ማንም የማያውቀውን ስም ማንም አይፈልገውም ብለው ለፎልደሩ መደበቂያ አደረጉት። በአቶ ሲሳይ ፊት የእኔ ነው ከሚሉ፣ አጥፋው ብለው፣ ውጭ ጠርተው እንዳታጠፋው ሊሉኝ አስበው ነበር። ውስጡ ያለው የእናታቸው ድምፅ ነው። እናታቸው ከወደ ዋግ የመጡ ነበሩ፤ በሰፈሩ አገውኛ የቀረው በእናቲቱ አፍ ብቻ ነበር። መምህር ደምሴ ቃላቱን በደብተር ሲሰበስቡ ኖረው፣ ከሩቅ የመጣ አንድ አጥኚ ኮፒ አድርጌ እመልስልዎታለሁ ብሎ ደብተሩን ይዞ በጋሸና በኩል እንደወጣ ቀረ። ደግመው በድምፅ ቀረጹ። የመጨረሻው ቃል በተቀረጸ በወሩ እናታቸው ሞቱ።

ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነው። አውጥቼ መስጠት ነበረብኝ። ግን ባወጣው ገና ሲገቡ የጠረጠሩኝ ነገር እውነት ሊሆን ነው፤ ከጀርባቸው የሰረቅኩ ሰው ልሆን ነው። አፈርኩ፤ እጄን ወደ ኪሴ አልሰደድኩም። ላፕቶፑን ጋቢያቸው ውስጥ ሳያስገቡ፣ ፌስታል ሳያለብሱ፣ በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ያን ያህል ዋጋ አልነበረውም።

እንደወጡ ፎልደሩን በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ አድርጌ ከፈትኩት። አንዲት አሮጊት የፍየል መልክ በአማርኛ እየፈቱ በአገውኛ ይቆጥራሉ፤ ቡላውን፣ ጉርጥማውን፣ ግንባረ ቦቃውን። መምህር ደምሴ እየተከተሉ ይላሉ። ሲሳሳቱ ሴትዮዋ ይስቃሉ፤ “ምላስህ ሰነፈብህ ልጄ፤ እንደገና በል” ይሏቸዋል። ሽበታሙ አስተማሪ እንደ ተማሪ እንደገና ይላሉ። ሦስት ያህል ፋይል አዳምጬ ዘጋሁት። ራሴን ጠላሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ከሱቁ ኮምፒዩተር ላይ ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁት። ቢጠይቁኝ ሌላ የለኝም ብዬ በእውነት ልምል ፈለግኩ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ በነአኩቶ ለአብ ገዳም መንገድ ነው፤ ከቀትር በኋላ ተነሥቼ ጭቃውን ስረግጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ስደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ቤተሰቡ ጾሙን በተቀቀለ ድንችና በአዋዜ ሊገድፍ ቀርቧል። ሳልቀመጥ ፍላሹን ዘረጋሁና ሁሉንም ተናገርኩ። መምህር ደምሴ ላፕቶፑን ከፈቱ። የእናታቸው ሳቅ ቤቱን ሲሞላው ድንች የያዘ እጃቸው አፋቸው ሳይደርስ ቀረ፤ እንባቸውን አላበሱትም። ከልብ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

“ሌላ ቀሪ አንተ ዘንድ አለ?”

“የለም መምህር። ዛሬ ጠዋት አጠፋሁት።”

“እሺ” አሉ። በላስታ “እሺ” ሁሉ እሺ አይደለም።

ፍላሹን እዚያው ተውኩላቸው፤ ድንቹንም በላሁ። ነገር ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አላመኑኝም። ማሽኑ ሲታመም ወልድያ ድረስ ይዘውት ይሄዱ ነበር። በሰው ፊት በክብር ሰላም ይሉኛል፤ ከኋላዬ ግን የእናቴ ድምፅ እርሱ ዘንድ አለ፣ ደብቆታል ይላሉ ሲባል እሰማለሁ። ይህ ለዓመታት አንገበገበኝ። አንድ ጊዜ እውነት ተናግሬ ሌባ ተብዬ ቀረሁ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ልጃቸው ወይንሸት ወደ ሱቄ መጣች። አባቷ ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። አገሩ በተናጋበት ጊዜ ቤተሰቡ ቤቱን ጥሎ ወጥቶ ሲመለስ ላፕቶፑም ፍላሹም አልነበሩም። እንዲህ አለችኝ።

“አባባ ቀሪው አንተ ጋ እንዳለ ነግሮናል። አልተቀየምንህም። እንኳንም ደበቅከው።”

የለኝም አልኳት። ያኔውኑ እንዳጠፋሁት ነገርኳት። በአባቷ ዓይን አየችኝ። እሺ አለችና ምናልባት ካገኘኸው ብላ ስልኳን በወረቀት ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ወጣች።

በሩን ዘግቼ የዚያን ዘመን አሮጌ ዲስኮች ሁሉ ከየካርቶኑ አወጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አንድ በአንድ እየሰካሁ እፈልጋለሁ። መምህር ደምሴ የጠረጠሩኝ ልክ ሆኖ እንዲገኝ፣ ዋሽቻቸው እንዲሆን፣ አንዲት ፋይል ሰርቄ አስቀርቼ እንዲሆን እየተመኘሁ። እስካሁን ግን አስቀርቼ ያገኘሁት የለም።