ከዳኞቹ በፊት የፈረዱት

ተወልጄ ያደግሁት ሪያድ ነው። ቤታችን ሐበሾች የሚበዙበት መንፉሐ ሰፈር ነው፤ የምሠራው ግን ሀብታሞቹ ሰፈር ዑለያ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ። ወሬውን መጀመሪያ የሰማሁት እዚያው ነበር። አጠገቤ የምትሠራው የአገሩ ልጅ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችና፣

«አየሽ? የእናንተዋ ሠራተኛ የምትሠራላትን አሮጊት ገደለች» አለችኝ።

ቪዲዮው ላይ የሚታየው የአንድ ቪላ በር ብቻ ነው። ከሥሩ ግን ሰዉ ፍርዱን ጨርሷል። አንዱ ሐበሾችን ከቤታችሁ አስወጡ ይላል፤ ሌላው አንገቷ ሲቀላ ማየት ይፈልጋል።

«ፍርድ ቤት ቀረበች እንዴ?» አልኳት።

«ምን ፍርድ ቤት ያስፈልጋል? ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት» አለች። ወዲያው ፊቴን አየችና እጄን ያዘችኝ። «አንቺን ማለቴ እኮ አይደለም። አንቺ የኛ ነሽ።»

ያን ቀን ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ከሥራ ስመለስ አንዲት የማላውቃት ሴት ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ እናቴ አጠገብ ተቀምጣለች። የተከሳሿ ታናሽ እህት ነበረች። መላዝ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ልጆች ትጠብቅ ነበር። ማዳሟ ወሬውን እንደሰማች ልጆቿን ከእቅፏ ነጥቃ፣ «ኸላስ፣ አልፈልግሽም» ብላ አስወጣቻት። ከእናቴ ጋር የወሎ ልጆች ናቸውና ወደ እኛ መጣች።

ቤታችን በጎረቤት ሴቶች ተሞላ። እነሱም ፈርደው ነበር፣ በተቃራኒው።

«የኛ ልጅ እንዲህ አታደርግም። አሮጊቷን የገደላት የገዛ ልጇ ነው!» አለች አንዷ።

«አይተሽዋል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ማየት ምን ያስፈልጋል? እነሱን አናውቃቸውም እንዴ?»

የሥራ ባልደረባዬ በአማርኛ የተናገረች መሰለኝ።

ሴቶቹ ሲወጡ እህትየዋ ሳህን ወደማጥብበት መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እህቴ፣ አንቺ ዐረብኛውን ታነቢያለሽ። ምን ይላሉ?»

«ብዙ ይላሉ። አንዳቸውም ግን እዚያ አልነበሩም።»

«ሁሉም ያውቃል» አለች። «አንድ ጡት የጠባሁት እኔ ነኝ የማላውቀው። በስልክ ደክሞኛል ትለኝ ነበር። ምን ያህል እንደደከማት አልጠየቅኋትም።»

ከዚያ በኋላ ስልኬን ማስቀመጥ ተሳነኝ። ክሊኒክ አነባለሁ፣ ታክሲ ውስጥ አነባለሁ። ንጹሕ ናት የሚል ሳገኝ ልቤ ይዘላል፤ ማስረጃውን ስፈልግ ምንም የለም። ገዳይ ናት የሚለውም እንደዚያው ነው።

ችሎቱ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ሐኪሞች አሮጊቷ ከደረጃ ወድቀው ጭንቅላታቸውን በመመታታቸው እንደሞቱ መሰከሩ። አሮጊቷ ከዚያ በፊትም ይወድቁ እንደነበር፣ ደግፋ ታነሣቸው የነበረችውም ሠራተኛዋ እንደሆነች ለዳኞቹ የተናገረው ያ ጎረቤቶቻችን ገዳይ ያሉት የገዛ ልጃቸው ነው። ነፃ ወጣች። ከእስር ቤት ተርሂል ወደሚሉት የተባራሪዎች ማቆያ ወሰዷትና እህቷን ሳታይ ወደ አገር ቤት አሳፈሯት።

ባልደረባዬ ትከሻዋን ሰበቀች። «ማን ያውቃል? ጎበዝ ጠበቃ አግኝታ ይሆናል።» መንፉሐ ውስጥ ደግሞ ሁሉም «ብለን አልነበረም?» አለ። ስለ ልጁ ግን ቃል የተነፈሰ የለም።

አንድ ዓርብ የተፈታችው ታላቅ እህት ከደሴ ደወለች። እኛው ዘንድ የሰነበተችው ታናሿ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ ታላቂቱ፣ «የሚሉትን አምነሽ ነበር?» አለቻት።

በጭራሽ ማለት ትችል ነበር። እናቴም በዓይኗ እንደዚያ በይ እያለቻት ነበር።

«አላውቅም ነበር» አለች ታናሺቱ።

«እኔም እኮ» አለች ታላቂቱ ቀስ ብላ፣ «ገድለሻል፣ ገድለሻል እያሉ ሲደጋግሙብኝ ጊዜ፣ ያደረግሁት መስሎኝ የማድርበት ቀን ነበር።»

ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ። እናቴ ክንዴን ይዛ ከክፍሉ አወጣችኝ።