ወደ ልቅሶ ቤት በእግር

በ፲፱፻፷፫ ዓመተ ምሕረት አርባ አራት ዓመቴ ነበር። እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ግድግዳ የምንጋራ አንድ አናጢ ጎረቤት ነበረኝ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለው ነበር። በጥቅምት ደም ግፊት መትቶ ጣለው፤ ግራ እጁና ግራ እግሩ ከዱት። ሐኪሙ ለሚስቱና ለእኔ እንዲህ አለን፦ «በየቀኑ ይራመድ። ዛሬ ተራምዶ ነገ ቢተወው ዋጋ የለውም። ከተቀመጠ አልጋ ላይ ይቀራል።»

መጀመሪያ ቀላል ነበር። ማታ ማታ ኮታችንን ለብሰን የከተማው ዋና ጎዳና ኮምቢሽታቶ ላይ ከሰው ጋር ወጣ ወረድ እንላለን። እግሩን እየጎተተ «አንተ ሁለት ደህና እግር ይዘህ ከእኔ ኋላ ትቀራለህ?» ይለኝ ነበር።

የካቲት ላይ መርዶ መጣ። ከሸማቂዎቹ ጋር በረሃ የወጣው ልጁ ሞተ ተባለ። መርዶውም በሹክሹክታ ነበር። ድንኳን ቢተከል የመንግሥት ወታደሮች መጥተው ማን ሞተ፣ የት ሞተ ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ድንኳን አልተተከለም፣ ሰው አልተቀመጠም፤ በሩ ተዘጋ፣ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ተነስ፣ እንውጣ» አልኩት።

«ልጁ የሞተበት ሰው ኮምቢሽታቶ ሲንሸራሸር ይታይ?»

«ልጅህ መሞቱን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለ።

የዚያን ቀን ትቼው ወጣሁ። ግን በየጠዋቱ እየሄድኩ በሩ ላይ እቆማለሁ። «ሂድ ወዲያ፣ አንተ በቅሎ!» ይለኛል። በቅሎም ብሆን እቆማለሁ። ሚስቱ ውጭ ድረስ ተከትላኝ ወጥታ «እባክህ ወንድሜ፣ ትላንት ከወንበር መነሳት አቃተው» አለችኝ።

ያን ሰሞን ከከተማው ወጣ ብሎ ዓዲ ኣበይቶ የሚባል መንደር አንድ የምናውቀው ሽማግሌ አረፈ። ሄጄ ነገርኩት። «ሐዘንተኛ ልቅሶ ቢደርስ ነውር የለበትም።»

ፊቱን ከግድግዳው መልሶ «ሩቅ ነው። በአውቶቡስ እንሂድ» አለ።

«ሐዘንተኛ ተንደላቆ በአውቶቡስ ይሄዳል?» አልኩት።

ሰደበኝ፤ ግን ዱላውን አነሳ። መንገድ ላይ ድንጋይ ባየ ቁጥር እየተቀመጠ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ ገና ከመግባቱ ጮኾ አለቀሰ። በቤቱ ያላለቀሰውን ሁሉ እዚያ አወጣው። አንዲት ሴት «ከሟቹ ጋር እንዲህ ይዋደዱ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እወ፣ ይዋደዱ ነበር» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ዘዴውን አገኘሁ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ማን እንደሞተ እጠይቃለሁ። አዲስ ሟች ከሌለ የሰልስቱን፣ የአርባውን፣ የተዝካሩን ቤት እጠይቃለሁ። በዚያ ዓመት ደግሞ የልቅሶ ቤት አይታጣም። በእግራችን እንሄዳለን፣ ያለቅሳል፣ በእግራችን እንመለሳለን። በሰኔ እግሩ መጎተቱን ትቶ መርገጥ ጀመረ። በሰው ሞት እግር አበጀን ማለት ነው። ሌላ ምን ይባላል?

አንድ ቀን ግን፣ እዚያው ዓዲ ኣበይቶ በሌላ ሰው ልቅሶ ላይ፣ እያለቀሰ የገዛ ልጁን ስም ጠራ። ሁለት ጊዜ ጠራው። ሰው ሁሉ ወደ በሩ አየ፤ በመንደሩ መግቢያ ኬላ የቆሙት ወታደሮች ቅርብ ነበሩ። የሟች እናት፣ እግዜር ይስጣት፣ ብድግ ብላ በልጇ ስም እሪ አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት፣ ስሙ በጩኸቱ ተሸፈነ።

ስንመለስ ወታደሮቹ ወረቀታችንን አይተው አሳለፉን። ቤቱ ደረስን። ደፉ ላይ ቆሞ «ኣይፋል፣ አይሆንም። ከእንግዲህ ሰው ድንኳን አልገባም። ሰው አስፈጃለሁ» አለኝና ዱላውን ለሚስቱ ሰጣት። እሷ ዱላውን ይዛ እኔን አየችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ኮቴን ለብሼ በሩን አንኳኳሁ።

«ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» አለ ከውስጥ።

«ማንም አልሞተም። ዱላህን ያዝ» አልኩት፤ በሩ ላይም ቆምኩ።