ሱት-ሚ ለባሏ ያጣችለት ቃል

ቼንግ ቻው ደሴት ላይ የደረቀ ዓሣ የምትሸጠውን ሱት-ሚን የማያውቅ የለም። ሞት ቤት ገብቶ የሰው አፍ ሲተሳሰር፣ ቃል መርጣ የምትሰጥ እሷ ናት። ለጎረቤት «ሄዱ» በሉ ትላለች። ዘጠና ለተሻገረ አዛውንት «መቶ ዓመታቸውን ሞሉ»፤ በሽኝታቸው ፈገግ ቢሉም ነውር የለውም። ለወጣት ግን ቃል የላትም፤ አንገቷን ትደፋለች። «ሞተ» የምትለዋን ያችን አንዲት ራቁት ቃል ከአፏ የሰማ የለም። የጠሩት ይመጣል ብላ ትፈራለች።

ዛሬ የፈራችው ነገር ከባሏ ራስጌ ቆሟል። ነገ ጠዋት ሆስፒታል የተኛው የካም-ሺንግ ደረት በቀዶ ሕክምና ሊከፈት ነው። ሐኪሙ ተስፋ ሲሰጥ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

ልጃቸው ዪ-ሁንግ ከከተማ ደወለች።

«እማ፣ እንግዲህ አንድ ነገር ከሆነ... እንደ ሰዉ ሁሉ በእሳት ነው አይደል?»

«አፍሽን ጥሩ ነገር ያናግረው።»

«እሺ፣ ግን ዛሬውኑ ጠይቂው። እኔ አልችልም።»

ካም-ሺንግ በጎልማሳነቱ ጀልባው ከነወንድሙ ሲቃጠል ቆሞ ያየ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ጀርባውን ለምድጃ ሰጥቶ ነው የሚበላው። እንደ ሰዉ አስከሬኑ ከሚቃጠል አፈር ይሻ ይሆናል፤ ግን ተናግሮት አያውቅም። ሳትጠይቀው ቢያልፍ ለእሳት ትሰጠው ይሆን? ብትጠይቀውስ ቃሏ ሞትን ጠርቶ ያመጣበት ይሆን? የጀልባ ሴቶች መረብ ሲጠግኑ እንዲህ ያንጎራጉሩ ነበር፦

ባሕሩ ሲረጋ ልቤ ይናወጣል፣
ዝም ካለ ሰማይም ማዕበል ይመጣል።

ከሰዓት በኋላ የሩዝ ገንፎ ይዛለት ወደ ሆስፒታሉ ክፍል ገባች። ብርቱካን መላጥ ጀመረች።

«መቶ ዓመት ሲሞላህ...»

«ገና ሰባ ስድስቴ ነው» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ረጅም መንገድ ብትሄድ...»

«ወዴት? ሽንት ቤት ለመሄድም ሁለት ሰው ደግፎኝ ነው።»

«አንተ ሽማግሌ፣ አታሹፍ።»

«አንቺ አሮጊት፣ ታዲያ እንደ ሰው ተናገሪ።»

ያን ጊዜ የወደብ ቁማርተኞች ጠላታቸው ሲሞት የሚወረውሩት፣ ለሚወዱት ግን ከቶ የማይባለው አነጋገር አመለጣት።

«እሺ! የጨው እንቁላል ልትሸጥ ስትሄድ፣ በእሳት ነው በአፈር?»

የጎን አልጋው በሽተኛ ሳሉን ዋጠ። ካም-ሺንግ ደረቱን እስኪያመው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ረገፈ።

«በአፈር። እሳት አታስነኪኝ።»

«አላስነካህም።»

«ልጃችን እምቢ ብትልስ?»

«እኔ አለሁ።»

እጇን ፈልጎ ያዘ። «ፈርተሻል?»

«በጣም።»

«እኔም።»

ኮሪደር ወጥታ ለልጇ ደወለች። «በአፈር» ብላ ዘጋች። ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ሞትን ጠርታዋለች፤ ሰምቶ እንደሆነ ነገ ጠዋት ነው የሚታወቀው።