«እዚሁ ይቀራል» ብላን ነበር
ወታደር ልሁን ብዬ ከየካ አባዶ ስወጣ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ እስከ ታክሲው ሸኘችኝ፤ የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤቶችም «በርታ» ብለው መርቀውኛል።

በማሰልጠኛው ሦስተኛ ሳምንት አብሮኝ የሚሮጥ ልጅ አጠገቤ ወድቆ ተንፈራገጠ። ልጁስ ተርፏል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሩጫ ማስጀመሪያ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ ሐሙስ ስለ ሥነ ልቦና ጥንካሬ የምታሠለጥነን መኮንን ነበረች፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። «ፍርሃት ነውር አይደለም። የሚያስጨንቃችሁን ንገሩኝ፤ እዚህ የተባለው እዚሁ ይቀራል» ትለናለች። አመንኳት። አንድ ቀን ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት። አየር በአፍንጫዬ ስቤ በአፌ ቀስ ብዬ እንዳወጣ አሳየችኝ። እውነቱን ለመናገር ረድቶኝ ነበር። በማግስቱ ፊሽካ ሲነፋ እንደ ሰው ሮጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰልፍ ላይ ጋንታ መሪያችን ከመስመር አስወጣኝ።

«እጅህን ዘርጋ!»

ዘረጋሁ። መጀመሪያ ደህና ነበር፤ ያ ሁሉ ዓይን ሲያርፍበት ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ይሄ ነው ጠመንጃ የሚይዘው?» አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ከአንድ ሳህን አብረውኝ የሚበሉት ሳይቀሩ ሳቁ፤ እነሱን አልተቀየምኩም። አሠልጣኟ ከኋላው ቆማ ስልኳን ትነካካለች።

ሰልፉ ሲበተን ተከትያት ሄድኩ።

«እዚሁ ይቀራል ብለውን አልነበር?»

«ሪፖርት ማድረግ ግዴታዬ ነው።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አልነገሩንም?»

«ብነግራችሁ ማን ያወራኛል?»

ይህን ስትለኝ ትንሽ እንኳን አላፈረችም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

በሳምንቱ አሰናበቱኝ። ሰፈር ስደርስ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ወገቡን አሞት ነው» ብላ ጠበቀችኝ። እኔም አላስተባበልኩም።

አሁን ጎሮ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። መንገድ ላይ የትራፊክ ፊሽካ ስሰማ አሁንም የያዝኩትን እጥላለሁ። እናቴ ይህን አይታ ባለፈው ወር ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ወጣት ሐኪም ነው፤ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ «አይዞህ፣ ንገረኝ፤ በመካከላችን ነው» አለኝ።

«ወገቤን ያመኛል» አልኩት።

እናቴ አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ የሚቀባ መድኃኒት ጽፎ ሰጠኝ፤ አመስግነን ወጣን።