አፉ የተዘጋ ታብሌት

ለሕፃናት አንደበት ድምፅን፣ ለድምፅም ፊደልን የሰጠ እግዚአብሔር ስሙ ከፍ ከፍ ይበል። እርሱን ካመሰገንሁ በኋላ የምጽፈው፣ በዐረብ አገር፣ ዳርሰይት በሚገኘው የልጄ ቤት ሳለሁ የልጅ ልጄን ማንበብ ያስተምራል ስለተባለው ታብሌት ነው።

ልጅቱ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። መስከረም ሲጠባ አገር ቤት ገብታ አንደኛ ክፍል ልትጀምር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን አማርኛ ማንበቧን ሳይፈትን አይቀበልም። ከወደቀች ከአራት ዓመት ሕፃናት ጋር ትቀመጣለች። ሆቴል የምትሠራው እናቷ ይህ እንቅልፍ ቢነሣት፣ ባልደረባዋ የላከችላትን የተረት መጽሐፍ በታብሌት ከፈተችላት። ዓርብ ዓርብ እናትና ልጅ ሶፋው ላይ ተጠጋግተው አብረው ያነባሉ፤ ያነባሉ ከተባለ።

ዶሮዋ ስትነካ ትጮኻለች፤ ፊደሉ ይዘላል፤ አንዲት የማትታይ ሴት በተቅለሰለሰ ድምፅ «ዶ... ሮ... ዶሮ!» ትላለች። ልጅቱ ተከትላ ስትል ኮከብ ይዘንባል፣ ጭብጨባ ይሰማል። እኔ ዳዊት በጨረስሁ ቀን ያጨበጨበልኝ የለም፤ የኔታ «ቀጥል» ነው ያሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቱ ተረቱን ከዳር እስከ ዳር አንበለበለችው።

«አባዬ፣ አዩ አይደል? አነበበች እኮ!» አለች ልጄ።

«በቀቀንም ይህን አታጣውም።»

«ኧረ አባዬ! ደግሞ ጀመሩ።»

በንባብ ቤት ሕፃን ሀ ሁን በቃሉ ብቻ እንዳይዝ ፊደሉ በአቡጊዳ ተዘበራርቆ ይጠየቃል፤ ከኋላ ወደ ፊትም ይቆጠራል። እኔም ታብሌቱን ተቀብዬ ድምፁን አጠፋሁ፤ ዶሮዋን በመዳፌ ሸፈንሁ፤ በመፋቂያዬ የገጹን የመጨረሻ ቃል አሳየኋት። ልጅቱ ተረቱን ከመጀመሪያው ማንበልበል ጀመረች።

«ይህን ነው ያልሁሽ» አልኋት።

ቀና ብላ እናቷን አየች። የእናቷ ፊት ዐመድ መሰለ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ያ ለፍላፊ ታብሌት በእኔ ሥርዓት አደረ። ድምፅ የለም፤ ኮከብ የለም። ሥዕሉ በካርቶን ቁራጭ ተሸፍኖ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ፊደል በፊደል።

«አባባ፣ ኻላስ በቃኝ!» አለችኝ እያለቀሰች፣ ከጎረቤት ልጆች በለቀመችው ዐረብኛ።

«ኻላስ የምንለው ስታነቢ ነው።»

አንድ ዓርብ ከዚያ በፊት ተከፍቶ የማያውቅ ተረት አወጣሁላት። ጣቷን አስጠግታ፣ አፏን አሞጥሙጣ ብዙ ቆየች። «ፍ... የ... ሏ። ፍየሏ... ውሃ... ጠማት!» ካርቶኑን ራሷ ገለጠችው፤ ፍየሏ ከደረቀ ጉድጓድ አፍ ቆማለች። ልጅቱ እየሳቀች እናቷ ላይ ተጠመጠመች።

መስከረም ተፈትና አንደኛ ክፍል ገባች። ልጄም ወዲያው ለባልደረባዋ ደወለች፤ «ያ ታብሌት ተአምር ነው!» ስትል ሰማኋት።

«ተአምሩ ዝም ማለቱ ነው በያት» አልሁ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ልጆቻችሁን በገዛ ዓይናቸው የሚያነቡ፣ ያነበቡትንም የሚያስተውሉ ያድርግላችሁ፤ ከቤታችሁ ሰላሙን፣ ከማዕዳችሁ በረከቱን አያርቅባችሁ፤ አሜን።