ለሐያት አውሮፕላን ፈቃድ ፍለጋ ከደሴ ኮምቦልቻ

ጉዞውን ከመተረኬ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር። ሰይድ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን አርባ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አስተማሪ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ሬዲዮ የፈታሁት በማንኪያ እጀታ ነው፤ እንግሊዝኛም የለመድኩት ከዕቃ ጋር ከሚመጡ መመሪያዎች ነው። ዲፕሎማ የያዙ ልጆች ያቃታቸውን ዕቃ ከምሳ እስከ አስር ሰዓት አስነስቼ አውቃለሁ። የሰፈሩ ሰው «ኢንጅነር» ይለኛል፤ እኔም ከልክዬ አላውቅም።

የወንድሜ ልጅ ሐያት የምትኖረው ናይሮቢ ነው። እዚያው ተምራ የኬንያ የአብራሪነት ፈቃድ ከያዘች ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ፣ ታላቅ ወንድሜ ይማም፣ ኮምቦልቻ ነው ያለው። ልቡ ስለደከመ ሐኪም ከቤት እንዳይርቅ ከልክሎታል። ልጁን ካያት ስድስት ዓመት አልፏል። እሷም ከምትበርበት ክለብ አራት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ተከራይታ፣ ድንበር አቋርጣ፣ ራሷ እያበረረች ቅዳሜ ልትመጣለት አሰበች። እኔን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አጎቴ፣ በውጭ አገር ፈቃድ ኮምቦልቻ መጥቼ ማረፍ እችል እንደሆነ፣ ፈቃዱንም ማን እንደሚሰጥ ያጣሩልኝ።»

ከሁለት ሳምንት በፊት አውሮፕላን ማረፊያው በር ድረስ ሄጄ ነበር። እዚያ ትከሻው ላይ የእጅ ሬዲዮ የሰካ ሰው አገኘሁ። እንዲህ ያለ ሬዲዮ የያዘ ሰው ኃላፊ መሆን አለበት ብዬ ነገሩን ነገርኩት። ቆሞ በአክብሮት ሰማኝና «አብሽሩ አባባ፣ ኢንሻአላህ ይሆናል» አለኝ። ከበሩ ሳልርቅ ለሐያት ደወልኩ። «አልቋል፤ ተፈቅዷል» አልኳት። «ወረቀት ሰጡዎት?» ስትለኝ ተቆጣኋት። «ወረቀት ለማይታመን ሰው ነው። እኔ ነኝ ያነጋገርኩት!» እሷም አመነችኝ። እኔም ወሬውን ለሆጤ ሰው በሙሉ አደረስኩ።

ሐሙስ ዕለት የወረድኩት እንግዲህ ፈቃድ ልጠይቅ ሳይሆን አቀባበሉን ላሰናዳ ነበር።

ሐሙስ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ደሴ

የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ገና አልገፈፈም። ኮቴን ደርቤ፣ ከረባት አስሬ ሚኒባስ ውስጥ የፊተኛውን ወንበር ያዝኩ። ሒሳቡ ካለፈው ጉዞዬ በአሥር ብር ጨምሯል። ከኋላዬ የተቀመጠች የሰፈራችን ሴት አወቀችኝ።

«ኢንጅነር፣ ቅዳሜ በሆጤ ላይ ታልፋለች?»

«አንድ ዙር እንድትዞር አዛታለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ልብስ እንዳይሰጣ ልንገራቸው፤ ነፋሱ ይዞብን እንዳይሄድ!»

ሰው ሳቀ። እኔም በሳቁ ደስ ብሎኝ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እስክንጨርስ ስለ አየር መሳሳትና ስለ ሞተር ጉልበት አስተማርኳቸው። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ «መሪውን ልልቀቅልዎት?» አለኝ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ብርዱም አለቀ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ኮቴን አውልቄ ክንዴ ላይ አደረግሁ።

ሦስት ሰዓት፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር

ፉል በዳቦ በልቼ በባጃጅ ደረስኩ። ባለ ሬዲዮው ሰው እዚያው ነበር። አንድ ነጭ ፒክአፕ እያስቆመ «ና፣ ና፣ ወደ ኋላ፣ በቃ!» ይላል። ጨርሶ ወደ እኔ መጣ።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ፤ ደህና ከረሙ?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ለቅዳሜው አውሮፕላን ነው የመጣሁት። ወንበር የት እናሰልፍ?»

«የምን አውሮፕላን?»

«የፈቀድክልኝ ነዋ!»

ሰውየው ደነገጠ። «እኔ? እኔ እኮ መኪና ነው የማቆመው አባባ።»

«ታዲያ ይሆናል ያልከኝ ምን ብለህ ነው?»

«ወላሂ፣ ምን ልበልዎት? በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ከደሴ ድረስ መጥቶ ሲጠይቀኝ ‹አይሆንም› ልበል? እንዲሳካልዎት ዱዓ አደረግኩ እንጂ።»

ልቆጣው አፌን ከፈትኩና የራሴ ሥራ ትዝ አለኝ። እኔም ሱቄ ውስጥ እንደዚያው ነው የማደርገው። ሐጂ ሙሄ የሚባሉ ጎረቤቴ የሞተ ሬዲዮ ካመጡልኝ ዓመት አልፎታል። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል፤ መለዋወጫም የለውም። በመጡ ቁጥር «አብሽሩ ሐጂ፣ ኢንሻአላህ ይሠራል» እላቸዋለሁ። ይህን አነጋገር ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ለእኔ ሲባል ግን ፈቃድ መሰለኝ።

ሰውየው ራሱ አፍሮ ወደ ውስጥ አስገባኝ፤ ሰዓዳ የምትባል የማረፊያው ሠራተኛ ዘንድ አደረሰኝ። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ ጉዳዩን ነገርኳት።

«የመግቢያ ፈቃዷ ቁጥር ስንት ነው አባባ?»

«ቁጥር የለውም።»

«አውሮፕላኑ የት ነው የተመዘገበው?»

«ኬንያ… ይመስለኛል።»

«መጀመሪያ የምታርፈው የት ነው?»

«እዚሁ። ለመመለሻዋም ቤንዚን በጀሪካን አዘጋጅቻለሁ።»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ባጃጅ አይደለም እኮ አባባ፤ የራሱ ነዳጅ አለው። እዚህ ደግሞ ከውጭ ለሚገባ ሰው ፓስፖርት የሚያይ የለም፤ ጉምሩክም የለም። መጀመሪያ አዲስ አበባ ማረፍ አለባት። ፈቃዱም አዲስ አበባ ካለው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ነው፤ አስቀድሞ፣ በጽሑፍ። በኬንያ የአብራሪነት ፈቃዷ የኬንያን አውሮፕላን ይዛ መምጣት ትችል ይሆናል፤ እሱንም ቢሆን ወረቀቱን አይተው የሚወስኑት እነሱ ናቸው።»

«ሳትይዝ ብትነሳስ?»

«ዕድለኛ ከሆነች ናይሮቢ ላይ ያስቀሯታል። ካለፈች ድንበር ላይ በሬዲዮ ቁጥሯን ይጠይቋታል። የላትም። አውሮፕላኑ ሊያዝባት ይችላል፤ የአብራሪነት ፈቃዷንም ልታጣ ትችላለች።» ፊቴን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መቼ ነው የምትነሳው?»

«ከነገ ወዲያ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ይንገሯት።»

የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። የአውሮፕላኑ ምዝገባ፣ የብቃት ማረጋገጫው፣ መድኑ፣ የእሷ ፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት፣ የበረራ ዕቅዱ። እኔ አንዱንም አልጠየቅሁም ነበር።

ስድስት ሰዓት፣ ወንድሜ ቤት

ይማምን ግቢው መሐል ወንበር አስወጥቶ አገኘሁት። ወንበሩን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ አዙሮታል።

«ሞክሬዋለሁ» አለኝ፤ «ከዚህ ሆኜ ስትወርድ አያታለሁ። አንተ ባትኖር ይህን ማን ያደርግልኝ ነበር?»

ምሳ ቀረበ፤ አልበላሁም። ስልኬን ይዤ ወደ አጥሩ ዞር አልኩ። እውነቱን ልናገር ነበር የሄድኩት፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሐያት፣ ቅዳሜ ጭጋግ አለ ይላሉ…»

«የአየሩን ትንበያ አይቻለሁ አጎቴ፤ ጥሩ ነው። የፈቃዱን ቁጥር ብቻ ይላኩልኝ። የክለቡ አስተማሪዬ ያለ ቁጥር አውሮፕላኑን አልሰጥም ሲለኝ ‹አጎቴ አልቋል ካለ አልቋል፤ ዋሽቶኝ አያውቅም› ብዬ ነው ያሳመንኩት።»

ከዚያ ወዲያ መዋሸት አልቻልኩም። «ፈቃድ የለም» አልኳት። «ጨርሶ አልተጠየቀም። ያነጋገርኩት መኪና የሚያስቆም ሰው ነው። አትነሺ።»

  

«እንኳን ሳልነሳ ነገሩኝ» አለች። ድምጿ ቀጥኗል። «አባዬን ያገናኙኝ።»

ስዞር ይማም ከኋላዬ ቆሟል፤ ሁሉንም ሰምቷል። ስልኩን ተቀብሎ «አብሽሪ ልጄ፤ በምንም ነይ፣ አንቺ ብቻ ነይ» አላት። ከጨረሰ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«አባታችን በግ ግዛ ብሎ ሲልክህም ገበያ ሳትደርስ ‹ገዝቻለሁ› ብለህ ነበር። ያኔ አሥር ዓመትህ ነበር።»



«ወንበሩን አስገባልኝ» አለ።

ወንበሩን ተሸክሜ አስገባሁ። ቀላል የፕላስቲክ ወንበር ነው። ከግቢው እስከ በሩ ያለው መንገድ ግን ከሐረጎ ዳገት ረዘመብኝ።

አሥር ሰዓት፣ ወደ ደሴ

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የመጨረሻውን ወንበር ያዝኩ። የሚያውቀኝ አልነበረም፤ ቢኖርም አላስተማርኩም። ጭጋጉ ከሐረጎ አናት ላይ ሲቀበለን ኮቴን ለበስኩ፤ የፈታሁትን ከረባት ግን ኪሴ ውስጥ ተውኩት። ሆጤ ስወርድ ባጃጆች የሚቆሙበት ጥግ ላይ አምስት ስድስት ሰው ተሰብስቧል። «ኢንጅነር፣ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

በዚህ ጉዞ መሥራት የቻልኩትን እዘረዝራለሁ፤ ካሰብኩት ጋር አይመሳሰልም።

ሐያት ሳትነሳ እንድትቀር አደረግሁ።

የሰዓዳን ወረቀት ፎቶ አንስቼ፣ አንድም ቃል ሳልጨምር ላክሁላት። ከአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ጋር ራሷ ትጻጻፋለች፤ በእኔ በኩል እንዳያልፍ የለመንኩት እኔው ነኝ።

ጥጉ ላይ ለተሰበሰቡት «አውሮፕላኑ አይመጣም፤ ሳልጠይቅ ተፈቅዷል ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አንዱ «ልብሱ ይሰጣ በሏቸው እንግዲህ!» አለ። ሳቁብኝ፤ ቆሜ ሰማሁ።

ቤንዚኑን ለአንድ ባለ ባጃጅ ሰጠሁ።

ሱቄን ከፍቼ ከላይኛው መደርደሪያ የሐጂ ሙሄን ሬዲዮ አወረድኩ፤ አቧራውን ጠርጌ ቤታቸው ድረስ ወሰድኩት። «ሐጂ፣ ይህ ሬዲዮ አይሠራም። መጀመሪያ ያመጡልኝ ቀንም አውቄው ነበር» አልኳቸው። ሬዲዮውን ተቀብለው እቅፋቸው ውስጥ አስቀመጡትና ቀና ብለው አዩኝ። «እኔም እኮ አውቄው ነበር» አሉ። «አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምመላለሰው።»